በሁለት ጾም መካከል የጠገበ ሰው

መቅመስ ማለት ከማየት የሚበልጥ፣ ከመብላት የሚያንስ ተግባር ነው። ወጡ በጭልፋ ጫፍ ከድስቱ ይወጣል፣ መዳፍ ላይ ጠብ ይደረጋል፣ ምላስ ያነሳዋል፣ ከዚያ በኋላ ቀማሹ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ ጥቂት ዝም ይላል። ዝምታው ከሥራው ሁሉ ዋነኛው ነው። ዝም ሳይል የተናገረ ሰው በልቷል እንጂ አልቀመሰም። ጾመኛ ደግሞ አይቀምስም፤ ጠብታዋ ትንሽ ናት ቢባልም ጉሮሮ ትንሽና ትልቅ አይለይም። ስለዚህ ቀማሽ የሚሆነው ያልጾመ ሰው ነው፤ ያልጾመ ሰው በታጣበት ሰፈር ወጥ የሚሠራው በእምነት ብቻ ነው።

ይህን ትርጉም ገሜዳ ያበጀው በጀርባው ተጋድሞ ነው፤ ቀን በስድስት ሰዓት፣ ከእትዬ ዋጋነሽ ምግብ ቤት ጀርባ በተከራያት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ እንቅልፍ አልመጣ ብሎት። ኮልፌ በዚህ ሰዓት ትተኛለች። የመጋዝ ቤቱ ጌታ ሲኞሬ ምሳውን በልቶ ይተኛል፣ እሱ ሲተኛ መጋዙ ይቆማል፣ መጋዙ ሲቆም ሠራተኛው ሁሉ የባሕር ዛፍ ግንድ ተንተርሶ ረኀቡን ያስተኛል፤ ክርስቲያኑ የገናን ጾም ይዟል፣ እስላሙ ረመዳን ላይ ነው፣ ጣሊያን ከገባ ሁለተኛው ኅዳር መሆኑ ነው፣ ሁለቱ ጾሞች ገጥመዋል፣ ውሻው እንኳ አጥንት የሚጥልለት ሲያጣ ከደጃፉ ተነሥቶ የት እንደ ሄደ አይታወቅም። ሲኞሬው ጠግቦ ይተኛል፣ ሰፈሩ ተርቦ ይተኛል፣ ጠግቦ ያልተኛ ገሜዳ ብቻ ነው። ጥጋብ በተራቡ ሰዎች መካከል እንዲህ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር መሆኑን አገሩ ወለጋ፣ ነጆ ሳለ ማንም አልነገረውም። የሚሲዮኑ መምህር ጾም በግድ አይደለም፣ የወደደ ይጹም ያልወደደ ይተው ብለው አስተማሩ እንጂ፣ ሁሉም በሚጾምበት ሰፈር ብቻህን ስታላምጥ ጥርስህ ከመጋዙ በላይ ይጮኻል አላሉም። ዛሬም ጠዋት እትዬ ዋጋነሽ ከትናንት የተረፈ ሽሮ በሰፌድ ከድና በሩ ሥር አኖረችለት። “እኔ ምንም አላስቀመጥኩም፤ ድመት ካለች ትብላው” አለች፣ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ። ድመት የለም። እሱ በላው። ያደረ ሽሮ ነው፣ እንጀራው ውስጥ ሰርጎ የገባ፣ ጠርዙ ላይ ጠንከር ያለ፣ ያደረ ሽሮ ከትኩሱ የሚበልጥበትን ምክንያት የተማረ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያስብበት ይገባል፤ ገሜዳ እያሰበበት ሳለ አለቀ።

አሁን ግን ከእንቅልፍ ያጣላው ሽሮው አይደለም። ሽታ አለ። ከማድ ቤቱ በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ በኩል ይመጣል፣ ቀጭን ነው፣ አለ ሲሉት ይጠፋል። ወጥ ሥሩን ሲይዝ የሚሸት ሽታ ነው። ወይም አይደለም፣ ምናልባት መጋዝ ቤት አካባቢ ልጥ ያቃጠለ ሰው ይኖራል። ተገላበጠ። አፍንጫዬ ተሳስቷል ብሎ ቢተኛ ይሻለው ነበር፤ አፍንጫው ካልተሳሳተ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ለእትዬ ዋጋነሽ አንድ ነገር መንገር አለበት፣ ያን ነገር ደግሞ እናቱ እንዳይናገር አድርጋ ነው ያሳደገችው።

እናቱ ጉዲቱ ነጆ ላይ አንጮቴ ትሠራለች። አንጮቴ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ሥር ነው፣ የማያውቁት ድንች ይመስላቸዋል፣ ጉዲቱ ይህን ብትሰማ ትቀየማለች። ትቀቅለዋለች፣ ትልጠዋለች፣ ትፈቀፍቀዋለች፣ በበርበሬና በለጋ ቅቤ ወጥ ታደርገዋለች፣ ቅቤው ከላይ ይንሳፈፋል፣ ልጆቿ ዙሪያውን ይቀመጣሉ፣ እሷም እያጎረሰች ትመክራለች፤ የሰው ቤት ወጥ አይነቀፍም፣ ድንጋይ ቢሰጡህ ጣፋጭ ነው በል፣ ሴትዮዋ እሳት ስታነድ ዓይኗ በጭስ ጠፍቷል። አንድ ጊዜ ጎረቤት ቤት ሆኖ ጎመኑ አሸዋ አለው አለ። አሸዋ ነበረው። እቤት ሲመለሱ የቆነጠጠችው ቁንጥጫ አሁን ኮልፌ ላይ በጀርባው ተጋድሞ ጭኑ ላይ ይሰማዋል። ባጫ የሚባለው በቅሎ ነጂ ከወለጋ ማርና ቅቤ ጭኖ በመጣ ቁጥር የእናቱን ቃል ያደርስለታል፤ ባጫ ቃል ሲያደርስ ድምፁን ያቀጥናል፣ ሴት ለመምሰል። “ምን ይበላል? ማን ቤት ይበላል? የሰጡትን አመስግኖ ይበላል ወይ?” ገሜዳም ይመልሳል፤ ወጥ እበላለሁ በላት፣ ደግ ሴት ቤት እበላለሁ በላት፣ አመስግኜ እበላለሁ በላት። ባጫ ነገ ጠዋት ይመለሳል። ዛሬ ማታ መልሱን ሊወስድ ይመጣል።

ማመስገኑ ነው ደግሞ መጀመሪያ ጉድ የሠራው። ዋጋነሽና ሰብሪያ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ምግብ ይሸጣሉ፤ ዋጋነሽ ለክርስቲያን፣ ሰብሪያ ለእስላም። ዋጋነሽ በምትጾምበት ሰሞን ሰብሪያ በአጥሩ ላይ መዳፏን ትዘረጋለች፣ ትቀምሳለች፣ ጨው ጨምሪ ትላለች። ሰብሪያ በምትጾምበት ሰሞን ዋጋነሽ መዳፏን ትዘረጋለች፤ ቁሌቱን ብቻ ትቀምሳለች፣ ሽንኩርቱና በርበሬው ሲቁላላ፣ ሥጋው ሳይገባ፣ የእርድ ነገር በመካከላቸው እንዳይገባ። እንዲህ ኖረዋል። አምና ጾሞቹ ሲገጥሙ ከተማው ገና የተቃጠለ ቤት ይሸት ነበርና ጨው አነሰ ብሎ የሚያዝን ሰው አልነበረም። ዘንድሮ ግን ሰው እንደገና ስለ ጨው ማጉረምረም ጀምሯል፣ መኖር እንዲህ ነው የሚመለሰው፣ ከጨው ይጀምራል፤ ቀማሽ ግን በአጥሩ በሁለቱም ወገን የለም። የጾሙ መያዣ ዕለት ዋጋነሽ የክፍሉን በር በጭልፋ መታች።

“አንተ የሚሲዮን ልጅ! ጸረ ማርያም ነው ይሉሃል፣ እኔ አላልኩም። ለአንድ ነገር እንኳ ትጠቅም እንደሆነ ና ቅመስ።”

ምስር ወጥ ነበር። ጨው አድርጋበት፣ ማድረጓን ረስታ፣ እንደገና አድርጋበታለች። ምላሱ ተኮማተረ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የእናቱ ጣቶች ጭኑ ላይ አረፉ።

“እጅዎ ይባረክ እትዬ፤ እጅግ ጣፋጭ ነው” አለ።

በዘጠኝ ሰዓት የመጋዝ ቤቱ ሰዎች ገቡ፣ ቆርሰው ጎረሱ፣ ከዚያ በኋላ የተሰማው የውሃ ድምፅ ብቻ ነው። እንስራው ተገለበጠ። ኃይለመስቀል፣ ከገሜዳ ጋር ግንድ የሚሸከመው፣ አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ፣ “እትዬ ዋጋነሽ፣ ሙሴ ቀይ ባሕርን ሲከፍል ውሃው የት እንደ ሄደ ዛሬ አየን” አለ። ቤቱ ሳቀ። ዋጋነሽ ግን አልሳቀችም፤ ገሜዳን ጎትታ ማድ ቤት አስገባችው።

“ምላስህ የት ነበር?”

“ነውር መስሎኝ ነው እትዬ።”

“ነውሩን ይኸው ሰው በእንስራ ጠጣው!”

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን፣ እግዜር ይመስክር፣ ተምሯል። በመጀመሪያ የደፈረው “ጨው ትንሽ... የሚያንስ... እንዳይሆን” በማለት ነው፣ እሷም “አፍህን ሞልተህ ተናገር፣ ወጥ ነው እንጂ ንጉሥ አይደለም” አለችው። በማግሥቱ “ጨው አንሶታል” አለ፣ ሰማዩም አልወደቀም። አሁን የጎመኑ ነጭ ሽንኩርት ቸኩሎ መግባቱን ያውቃል፣ የአተር ክኩ አልጫ እርድ ሲበዛበት ይመረዋል፣ የስልጆውን ሰናፍጭ ከአፍንጫው ጀርባ ይለካዋል። ሰብሪያም ጠርታዋለች፤ “ገሜ፣ ሥጋው ሳይገባ ቶሎ በል፣ የእናትህን እርግማን አልፈልግም” ትለዋለች፣ እሱም በአጥሩ ላይ መዳፉን ይዘረጋል፣ ቁሌቱን ይቀምሳል፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ ይሰቅላል፣ በዚያ በኩል ጣሪያ የለምና። ወደ መጋዝ ቤት ሲመለስ ግንዱ ይቀለዋል። ሃያ ዘመን ቁንጥጫ ፈርቶ ያልተናገረ ሰው ነው፣ አሁን በቀን ሁለት ጊዜ እውነት ይናገራል፣ የሚናገረውም ስለ ወጥ ነው፣ ከዚህ የሚበልጥ ሹመት ሚሲዮኑ ቤት አላየም። ማታ ማታ ባጫ ሲጠይቀው ግን አመስግኜ እበላለሁ በላት ይላል።

ሽታው መጣ። አሁን አለ፣ በእርግጥ አለ።

እና ዛሬ የተሠራው የሽምብራ ዓሣ ነው። ይህን ማሰብ አልፈለገም ነበር። የሽምብራ ዱቄት ተቦክቶ፣ በዓሣ መልክ ተቆርጦ፣ ጅራትም ተበጅቶለት፣ በዘይት ተጠብሶ፣ መጨረሻ ላይ ወጡ ውስጥ የሚገባ የጾም ክብር ነው፤ ዋጋነሽ በየቀኑ አትሠራውም፣ ዛሬ የሠራችው ለገሜዳ ስትል ነው። የሰፈሩ ሹም አቶ ተክለሃይማኖት በዘጠኝ ሰዓት እዚህ ይገድፋሉ። በከተማው ለሚቀመጥ እንግዳ ሁሉ ወረቀት ይሰጣል ተብሏል፣ ወረቀት የሌለው ወደ መንገድ ሥራ ሰፈር ይወሰዳል ተብሏል፣ ወረቀት የሚሰጠውም በሰፈሩ የታወቀ ሰው፣ ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ዋሱ ነኝ ካለ ነው። ከየካቲት ወዲህ ሰው ስለ ሰው መመስከር ፈርቷል፤ ሲኞሬው ስሙን አያውቅም፣ “አንተ ረጅሙ” ነው የሚለው፣ ኃይለመስቀል ራሱ ዋስ ፈላጊ ነው። የቀረችው ዋጋነሽ ናት። እሷም ያለችው፣ “እስቲ አያለሁ። ስለ ጨው የዋሸኝ ሰው ስለ ራሱ እውነቱን እንደሚናገር በምን አውቃለሁ?” ነው። ይህን ካለች በኋላ ግን ትናንት ሽምብራ አስፈጨች። ጉንፋን ይዟታል፣ አፍንጫዋ ተደፍኗል፣ አትቀምስም፣ አታሸትም፣ ለእሱ ስትል እሳት ላይ ቆማለች። እና እሱ ተነሥቶ አሯል ሊላት ነው? ለራሱ ሲባል የተሠራ ወጥ? እናቱ ብትሰማ ከነጆ በእግሯ ትመጣለች። ጣፋጭ ነው ካላት ደግሞ ሹሙ ይጎርሳሉ፣ ይተፋሉ፣ የዋጋነሽ ስም በኮልፌ ይተፋል፣ የእሱም ወረቀት አብሮ። ዝም ካለስ? ዝም ማለት ከሥራው ሁሉ ዋነኛው ነው ብሎ ነበር እኮ አሁን፣ ግን የዝምታው መጨረሻ ላይ የሆነ ቃል ይጠበቃል።

በሩ በጭልፋ ተመታ።

“ገሜዳ! ተነሥ፣ ቅመስ። ዓሣዎቹን ሳልከታቸው።”

ማድ ቤቱ ሞቋል። ዓሣዎቹ በትሪ ላይ ተደርድረዋል፣ ቡናማ፣ ጥርት ያሉ፣ አንዱ ፈገግ ያለ ይመስላል። ዋጋነሽ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠርጋ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገችለት። ቀመሰ። ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። ጨው ልክ ነው። በርበሬው ልክ ነው። ከሥር ግን ጭሱ አለ፣ እንደ ምሬት፣ ሲውጡት የሚቀር።

“ምነው ሰነበትክ?” አለች።

“አሯል፣ እትዬ።”

“ምን አልክ?”

“ሥሩን ይዟል። ጭሱ ወጡ ውስጥ ገብቷል።”

ጭልፋው በእጇ ላይ ቆመ። “ለአንተ ብዬ የሠራሁትን?”

“ለእኔ ባይሆን ኖሮ ዝም እል ነበር” አለ ገሜዳ፣ ይህም እውነት አልነበረም።

ዋጋነሽ ድስቱን አማሰለች፣ ከሥሩ ጥቁር ነገር ይዞ ወጣ። አጥሩ ጋ ሄደች። “ሰብሪ! ነይ አሽቺልኝ!” ሰብሪያ ከአጥሩ ወዲያ ብቅ አለች፣ ማሽተት እንኳ አላስፈለጋትም። “ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሸቶኛል” አለች።

“እና ዝም ብለሽ ተቀመጥሽ?”

“ዋጌ ሙች፣ ሹም የሚበላው ወጥ አሯል ብዬ የምነግርሽ እኔ ማን ነኝ? ቀማሽ ቀጥረሻል አይደለም እንዴ?”

ዋጋነሽ ግንባሯን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሽንኩርት አልቋል፣ ለአዲስ ወጥ ጊዜ የለም፣ ሹሙ ሰዓት የማያሳልፉ ሰው ናቸው። አቶ ተክለሃይማኖት ጣሊያን ሳይመጣ የሰፈሩ ዳኛ ነበሩ፣ ጣሊያን ሲመጣ የሰፈሩ ሹም ሆኑ፣ የሚገድፉበት ሰዓት ግን በሁለቱም መንግሥት ዘጠኝ ነው። ሰብሪያ ወደ ማድ ቤቷ ገባችና ተመልሳ በአጥሩ ላይ ድስት አሻገረች። የማታውን ወጧን በጊዜ ጀምራ ነበር፤ ሽንኩርቱ በደረቁ ቀልቷል፣ በርበሬው ገብቷል፣ መልኩ ያማረ ቁሌት።

“ውሰጂ። ቅቤ አልነካውም። ድስቱም አዲስ ነው፣ ሥጋ አያውቅም። እኔ እስከ ማታ ሌላ አደርሳለሁ።”

ዋጋነሽ ድስቱን አየች፣ ሰብሪያን አየች። ወዳጇ ናት፣ ጾሙ ግን ጾም ነው። “ሰብሪ፣ አንቺን ማመን አቅቶኝ አይደለም። እጅሽ ለምዶ ጠብ አድርገሽበት ቢሆንስ? ሹሙንም እኔንም ታስገድፊናለሽ።”

“ቀማሽሽን ጠይቂዋ!”

ሁለቱም ዞረው ገሜዳን አዩት። መዳፉን ዘረጋ። በሕይወቱ እንደዚህ ያለ ዝምታ ዝም ብሎ አያውቅም። ቅቤን ያውቃል፣ በቅቤ ነው ያደገው፣ የእናቱ አንጮቴ ላይ የሚንሳፈፈውን፣ የለጋውን፣ የበሰለውን፣ ባጫ በቅል የሚያመጣውን፣ ከሺህ ነገር መካከል ለይቶ ያውቀዋል፤ ምላሱን ከሥር ከላይ ፈተሸ፣ እናቱ በሌለችበት ማድ ቤት ውስጥ እናቱን ፈለጋት፣ አልነበረችም።

“ቅቤ የለውም” አለ።

“ትምላለህ?”

“ዋስ ነኝ።”

ዋጋነሽ ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ቁሌቱን በራሷ ድስት ገለበጠችው፣ የኑግ ዘይት አፈሰሰችበት፣ ውሃ ጨመረች፣ ገሜዳ እሳት አነደደ፣ ሰብሪያ ከአጥሩ ወዲያ ሆና “እሳቱን ቀንሱ፣ ደግማችሁ ልታሳርሩት ነው!” ትጮኻለች፣ ከዚያ ዓሣዎቹ ተራ በተራ ገቡ፣ ወጡ ውስጥ ጅራታቸውን ብቅ አደረጉ፣ ዋጋነሽም በጉንፋን ድምፅዋ ሳቀች፣ ገሜዳም ሳቀ፣ ለምን እንደሆነ ሁለቱም አያውቁም።

አቶ ተክለሃይማኖት በዘጠኝ ሰዓት ገቡ። እጃቸውን ታጠቡ፣ አማተቡ፣ አንድ ዓሣ ከነጅራቱ በእንጀራ ጠቅልለው ጎረሱ፣ ሌላ ደገሙ፣ ከዚያ ቀና አሉ።

“እህ፣ ዋስ የሚፈልገው ይህ ነው? ማን ያውቀዋል?”

“እኔ አውቀዋለሁ” አለች ዋጋነሽ።

“ዘመዱ ነሽ?”

“አይደለሁም።”

“አገሩን ታውቂዋለሽ?”

“አላውቀውም።”

“ታዲያ በምን ታውቂዋለሽ?”

“ወጥሽ አሯል ብሎኛል። ለእርስዎ የሠራሁትን፣ ለእሱው ጉዳይ የሠራሁትን፣ ፊቴ ላይ አሯል አለኝ።”

ሹሙ ወደ ገበታው አዩ። “ይኸኛው?”

“ያኛውማ ተደፋ። ይኸኛውን የቀመሰልኝ እሱ ነው። እሱ ዋስ ባይሆነኝ ዛሬ ጾምዎን ያድሩ ነበር። እሱ ለድስቱ ዋስ ከሆነ እኔ ለእሱ ዋስ ነኝ።”

አቶ ተክለሃይማኖት ሦስተኛውን ዓሣ እየጠቀለሉ ቆዩ። “እኔ ሚስቴን አሯል ብዬ አላውቅም፤ ካገባኋት ሠላሳ ዓመቴ ነው” አሉ፣ ለራሳቸው ይመስላል። ከዚያ ወደ ገሜዳ ዞሩ። “ሥራህ ምንድን ነው?”

“መጋዝ ቤት ግንድ እሸከማለሁ።”

“ቀማሽ ነው ይበሉ” አለች ዋጋነሽ።

ቀማሽ አሉ። ወረቀቱን የሚያወጣው የሹሙ ጸሐፊ ወደ ጣሊያንኛ ሲመልሰው ምን ብሎ እንደ ጻፈው ገሜዳ አላወቀም፤ ኬላ ላይ ወረቀቱን ያነበበ ወታደር ሁሉ ግን ከእግር እስከ ራሱ አይቶ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ያሳልፈው ነበር። ያን ዕለት ማታ፣ ሰብሪያ ሰዎቿን አስፈጥራ፣ ሁለቱም ሴቶች ቀምሰው፣ ሰፈሩ ሁሉ በአንድነት ሲጠግብ፣ ገሜዳ ለባጫ አዲስ ቃል ሰጠው፤ ወጥ እበላለሁ በላት፣ ደግ ሴት ቤት እበላለሁ በላት፣ የሴትዮዋን ወጥ ነቅፌ የመኖሪያ ወረቀት አገኘሁ በላት። ከዚያ ተጋደመ፣ እንቅልፉም መጣ።

በማግሥቱ ዓመት ረመዳን ቀድሞ መጣና ሁለቱ ጾሞች ለጥቂት ሳይነካኩ ተላለፉ፤ ሴቶቹ እንደ ድሮው በአጥሩ ላይ መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ገሜዳም ከቀማሽነቱ በወረቀት ላይ ካልሆነ በቀር ተሰናበተ። ጣሊያንም በጊዜው ሄደ። የእናቱ መልስ ግን ከሁሉም ቀድሞ፣ ገና ጾሙ ሳይፈታ፣ በባጫ ቀጭን ድምፅ ደርሶታል። ሴትዮዋን ይቅርታ ይጠይቅ ብላለች። ጠየቀ።